ነጥቄን ማን አበላው?

«መሕሙድ ነው! ወላሂ እሱ ነው!» አለች የቢልቂስ የክፍል ጓደኛ ዚክራ፣ ስልኳን ወደ ታች ዘቅዝቃ እየቀረጸች።

ቢልቂስ አጎንብሳ አየች። በቤታቸው የጓሮ አጥርና በመሕሙድ ሥጋ ቤት ግድግዳ መካከል በሚያልፈው ጠባብ መንገድ ዳር፣ ቦዩ ውስጥ ነጥቄ ወድቋል። አንድ ክንፉ ተዘርግቶ፣ ቢጫ መንቆሩ ጭቃ ውስጥ ተተክሎ፣ ጥፍሮቹ አንዳች ነገር እንደያዙ ተጨብጠዋል። የጨበጡት ግን ምንም የለም።

ነጥቄ ጭልፊት ነበር። በኮምቦልቻ መናኸሪያ ሰማይ ላይ ጭልፊት ሲዞር መዋሉ ብርቅ አይደለም። ይሄኛው ግን ከጅራቱ አንድ ላባ የጎደለው ስለሆነ ከሩቅ ይለያል። ሥጋ ከመስቀያ፣ ሳምቡሳ ከልጅ እጅ፣ አንድ ቀን ደግሞ ከንፈር ሊነካ የቀረበ የትራፊክ ፖሊስ ጉርሻ ነጥቆ በርሯል። ስሙን ያወጡለት የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ቢልቂስ ከእናቷ ምግብ ቤት የተረፈ ነገር ስታገኝ አጥሩ ሥር ቆማ ወደ ላይ ትወረውርለታለች፤ እሱም መሬት ሳይነካ ይቀልበዋል። አጨብጭባ ትስቅ ነበር። አሁን እንኳን ልትስቅ፣ ልትነካውም ፈራች።

«አንቺ ራስሽ ሰምተሽው የለ?» አለች ዚክራ። «ከመስቀያው ኩላሊት ሲወስድበት ምን ነበር ያለው?»

ሰምታለች። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ጋሽ መሕሙድ ቢላቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው፣ «አንተ ቀማኛ! አንድ ቀን በመርዝ ባልደፋህ መሕሙድ አይበሉኝ!» ብለው ነበር። በርበሬ ሊያስፈጩ የሚያልፉት ሴቶች እንኳ ቆመው ስቀዋል።

«ብለዋል» አለች ቢልቂስ። «እኔ ራሴ ሰምቻለሁ።»

ልጅ መቼም ቃሉን ከመልቀቁ በፊት ክብደቱን አይመዝንም። ዚክራ የምትቀርጸው ፎቶ ሳይሆን ቪዲዮ ኖሯል። የቢልቂስ ድምፅ ከሞተው ወፍ ምስል ጋር ተጣብቆ፣ ገና የሰልፉ ደወል ሳይደወል በስምንተኛ ክፍል የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገባ። ሥሩ ላይ ዚክራ የሚያለቅስ ፊት ደርድራ፣ «አሞራ ገዳዩ መሕሙድ» ብላ ጽፋበታለች።

ችግሩ የጋሽ መሕሙድ ልጅ ጣሀም የዚያው ክፍል ተማሪ መሆኑ ነው።

በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ከበቡት። «ጣሀ፣ ዛሬ ምሳህ ምንድን ነው? የጭልፊት ጥብስ?» አለው አንዱ። ሌላው እጆቹን እንደ ክንፍ እያራገበ መጥቶ እግሩ ሥር ተዘረረለት። ጣሀ በመጀመሪያ አብሮ ለመሳቅ ሞከረ። ኋላ ግን ፊቱ ጠቆረ።

«አባቴ አልነካውም» አለ። «አባቴ ሲናደድ ይጮሃል እንጂ ዶሮ እንኳ ሲያርድ ዓይኑን ያዞራል።»

«ሥጋ ሻጭ ሆኖ?» ብለው ሳቁበት።

ጣሀ ቀና ሲል ዓይኑ ከቢልቂስ ዓይን ጋር ገጠመ። ቢልቂስ ቦርሳዋ ውስጥ የጠፋ እስክሪብቶ እንዳለ ሁሉ ጎንበስ ብላ መፈለግ ጀመረች። «ሰምቻለሁ ነው ያልኩት፤ አልዋሸሁም» አለች ለራሷ። አለመዋሸቷ ግን እንዳሰበችው አላሳረፋትም።

ሳምንቱ እንዲሁ አለፈ። የሥጋ ቤቱ ነጭ ግድግዳ ላይ አንድ ሰው በከሰል «አሞራ ገዳይ» ብሎ ጻፈ። ቢልቂስ ከዚያ ወዲያ ጋሽ መሕሙድን በጥርጣሬ ነበር የምትመለከታቸው። ጠርሙስ ሲይዙ፣ ምን ይሆን ውስጡ? ለውሻ አጥንት ሲጥሉ፣ ውሻው እስኪጨርስ ቆማ ታያለች። ውሻው ጭራውን እየቆላ ይሄዳል፤ ማግስቱንም እዚያው ይገኛል። ጥርጣሬ እንዲህ ነው፤ የሚያፈርሰውን እያየም ቶሎ አይፈርስም።

ቅዳሜ ማለዳ ሰፍዋን ከሐርቡ መጣ።

ሰፍዋን የእናቷ እህት ልጅ ነው። ሐርቡ በአባቱ በኩል ያሉት አያቶቹ ጋር አድጎ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ኮምቦልቻ እነሱ ቤት ገብቷል። አባቷ በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ስለሚነዳ አብዛኛውን ጊዜ ቤት የለም፤ አምፖል የሚቀይረው፣ ከሰል የሚያወርደው፣ ቢልቂስን ባጃጅ መንዳት አስተምራለሁ ብሎ ከአጥር ያጋጫትም ሰፍዋን ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ ሐርቡ ወርዶ ሲመለስ ደግሞ በማዳበሪያ ጆንያ ጅግራ ይዞ ይመጣል።

«እቃው ደርሷል!» አለ ጆንያውን ጓሮው ውስጥ እያስቀመጠ። «ቢሊ፣ ውሃ ጣጂ።»

«ቀስ በል አንተ!» አለች እናቷ ሳፊያ ከኩሽና ብቅ ብላ። «የዱር ነገር መሸጥ ክልክል እንደሆነ እያወቅክ፣ አገር ይስማልህ?»

«አብሽሪ አክስቴ። በወጥመድ ነው፣ በእጄ ነው፣ ቢስሚላሂ ብዬ ነው።»

በሳፊያ ምግብ ቤት ጅግራ የሚቀርበው ለታወቁ ደንበኞች ነው፤ በሹክሹክታ። ዛሬ ግን ለደንበኛ አልነበረም። የቢልቂስ አያት ከደሴ ትንሹን ሙንዚርን ይዘው ለምሳ ይወርዳሉ። ሙንዚር የአክስቷ ልጅ ነው፤ ገና አፉን ያልፈታ፣ ጉበት ከሰጡት ግን ማንንም የማያስቀድም። «እናቴ ጅግራ ካማራቸው ቆየ» ብላ ሳፊያ ሽንኩርቱን ከጎህ ጀምራ እያቁላላች ነው።

ቢልቂስ ጅግራዎቹን አንድ በአንድ የፈላው ውሃ ውስጥ እየነከረች ላባቸውን ትነቅል ጀመር። ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ግራጫ ላባ ሳፋው ዙሪያ ተከመረ። ውብ ላባ ነው፤ ሰው በእጁ ቀለም ነክሮ ያንጠባጠበው የሚመስል። ሁለተኛዋን ልትነክር አንገቷን ስትይዝ እጇ ቀጥ አለ።

አንገቷ ላይ የቢላ ቁርጥ አለ። ደም ግን የለም።

ቢልቂስ የእናቷ ልጅ ናት፤ ዶሮ ስትነጭ ነው ያደገችው። የታረደ ዶሮ አንገቱ ላይ ያለው ላባ በደም ተጣብቆ ይደርቃል፤ ሙቅ ውሃው ውስጥ ሲገባ ውሃው ይቀላል። እዚህ ሳፋ ውስጥ ያለው ውሃ የደፈረሰው በአቧራ ብቻ ነው። ሌላኛዋን ከጆንያው አወጣች። ቁርጡ አለ፤ ላባው ደረቅ ነው። ሦስተኛዋም እንዲሁ።

«ሰፍዋን» አለች። «ደማቸው የት ሄደ?»

ሰፍዋን ቧንቧው ጋ ፊቱን እየታጠበ ነበር። «ምን?»

«ደም የላቸውም።»

«አጥቤያቸዋለሁ፣ ቦርከና ወንዝ ላይ። መኪናውን እንዳያበላሽ ነዋ።» ፊቱን በሸሚዙ ጠረገና ፈገግ አለ። «ምርመራ ጀመርሽ እንዴ? ኢንስፔክተር ቢሊ!»

ሁልጊዜ እንዲህ ነው ሰፍዋን፤ ቀልድ አያጣም። ቢልቂስ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ግን ዓይኗ የጅግራዎቹ እግር ላይ አረፈ። በጥፍሮቻቸው መሐል የማሳ አፈር ደርቆ እንደተጣበቀ ነው። ወንዝ የታጠበ እግር ላይ አፈር ምን ይሠራል?

«ሆድ ዕቃውን እኔ አወጣለሁ፣ አንቺ አትንኪው» አለ ሰፍዋን፣ ቢላዋን ከአጠገቧ አንስቶ እየወሰደ።

«ለምን?»

«እጅሽ እንዳይሸት ብዬ ነዋ፤ ደግ ስሆንብሽም ትጠረጥሪያለሽ?»

እንዲህ ያለው ለመጀመሪያ ጊዜ አልነበረም። በእነዚህ ሳምንታት ሁሉ ጅግራ ሲመጣ ሆድ ዕቃ የሚያወጣው እሱ ነው፤ አውጥቶም በፌስታል ቋጥሮ ይዞት ይሄዳል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ባለፈው እሁድ፣ ጓደኞቹ ኳስ ሜዳ ጠርተውት ሲወጣ ቢልቂስ ራሷ ናት ያወጣችው። ያወጣችውንስ ምን አደረገችው?

ሳፋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።

አጥሩ ሥር ቆማ ነበር። «ነጥቄ! ና!» ብላ ነበር። አንጀቱን ከነምኑ ወደ ላይ ወርውራለት፣ መሬት ሳይነካ ቀልቦት፣ አጨብጭባለት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ቦዩ ውስጥ ተገኘ።

ሰፍዋን ስልኩ ጠርቶ ወደ ውጭኛው በር ወጣ። ቢልቂስ ቶሎ ብላ ከኩሽናው ደጃፍ የሽንኩርት መክተፊያዋን ትንሽ ቢላ አነሳች። ከጅግራይቱ አንገት ሥር፣ ወፍ የለቀመችውን እህል መጀመሪያ የምታጠራቅምበት ከረጢት አለ። ቀደደችው። መዳፏ ላይ ስንዴ ፈሰሰ። ሮዝ ስንዴ።

ይህን ስንዴ ታውቀዋለች። ሐርቡ የሰፍዋን አያት ቤት ጥግ ላይ፣ ከልጅ እጅ ርቆ በተቀመጠ ከረጢት ውስጥ አይታዋለች። ከረሜላ መስሏት ልትዘግን ስትል አያቱ እጇን ቀብ አድርገው፣ «የዘር ነው ልጄ፤ በመድኃኒት የተለወሰ ነው። ለአፈር እንጂ ለአፍ አይሆንም» ብለው፣ ሳይነካት እንኳ በሳሙና አስታጥበዋታል። አሁን መዳፏን ወደ ታች ገልብጣ አራገፈችው፤ እንደ ፍም አቃጠላት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ሰፍዋን በሩ ላይ ቆሟል። መሬቱ ላይ የፈሰሰውን አየ። ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ፤ ያለፈገግታ ሌላ ሰው ይመስላል።

«በወጥመድ አላልክም?» አለች።

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«ሰፍዋን፣ በወጥመድ አላልክም ወይ?»

«ነበር! ወላሂ መጀመሪያ በወጥመድ ነበር።» አጠገቧ ቁጢጥ አለ። «ጅግራ ግን ሞኝ አይደለችም። አንዷ ከተያዘች መንጋው ያንን መንገድ ይተወዋል። ደንበኛው ደግሞ ለምዶት የለ፣ 'መቼ ይመጣል' ይላል። መንጃ ፈቃድ ላወጣ እየሞከርኩ እንደሆነ ታውቂያለሽ። እና ከዘሩ ዘግኜ ማሳው ዳር በተንኩት።»

«መርዝ እኮ ነው!»

«የነቀዝ መድኃኒት ነው ያሉኝ! ነቀዝና ጅግራ አንድ ነው? ስትበላው ትደክማለች፣ መብረር ያቅታታል። ሮጬ እይዛታለሁ፤ ነፍሷ እያለ ነው የማርዳት።»

«እነዚህስ?» አለች ቢልቂስ፣ ደረቁን አንገት እያሳየችው።

ሰፍዋን ፊቱን ወደ ኩሽናው አዞረ። ከኩሽና የሽንኩርቱ ቁሌት ይንጫጫል።

«እነዚህ… ስደርስ ሞተው ነበር» አለ በመጨረሻ። «ባዶ እጄን እንዳልመጣ ብዬ ቢላ አሳረፍኩባቸው።»

«በክት ነው ያመጣህልን? በክት ነው ለሰው ያበላነው?»

«እሽ! እሽ በይ በአላህ!»

ቢልቂስ የእሁዱን ጅግራ በልቶ ሰኞ ዕለት የመጣው ሹፌር ትዝ አላት፤ ሆዴን ሌሊቱን ሙሉ ሲቆርጠኝ አደረ ብሎ ነበር። እናቷ «ጫትህን ተው፤ ምግቤን አትውቀስ» ብላ ስቃ መለሰችው። ሹፌሩም ስቆ ሄደ።

«ሌላስ ምን ሞተ?» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ነጥቄ ከአንዷ ጅግራ ሆድ ዕቃ በልቶ ነው የሞተው። እኔ ነኝ የሰጠሁት። አንተ ያላገኘሃቸው ጅግራዎች ጫካ ገብተው ሲሞቱስ? እነሱን ማን በላቸው?»

ሰፍዋን መሬቱን በጣቱ ይቧጭር ጀመር። ሲናገር ድምፁ የትንሽ ልጅ ነበር።

«ርግቦች። ቆቅ። ከዚያ ጥንብ አንሳዎች። ከትልቁ ግራር ሥር ወድቀው አየኋቸው፤ አንዱ ገና ክንፉን ያንቀሳቅስ ነበር። ውሃ ላጠጣው ሞከርኩ፤ አንገቱን ማቅናት አቃተው።» አፈሩን ሰብስቦ መልሶ በተነው። «እነሱን አልፈለግኳቸውም እኮ ቢሊ። ጥንብ አንሳ ምን ያደርግልኛል? ባለፈው የጎረቤት አህያ ሞታ ሜዳ ላይ ተጣለች። ድሮ ቢሆን ሳትገማ ነበር የሚጠርጓት። አሁን ውሻ ብቻ እየተጣላባት ሰነበተች። አያቴ ወደ ሰማይ እያየ፣ 'አሞሮቹ ወዴት ተሰደዱ?' ይላል። እኔ አጠገቡ ቆሜ ዝም እላለሁ።»

ቢልቂስ ልትጮህበት ፈለገች። ደግሞ አሳዘናት። ይሄ ነው የቸገረው፤ ክፉ ቢሆንላት ቀላል ነበር።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪ» አለ። «እነዚህን ድመት ወሰዳቸው እንላለን። እኔም ሁለተኛ አላደርገውም፤ ወላሂ። ካወቀች ሐርቡ ትመልሰኛለች፤ ትምህርቴም አበቃ። ምግብ ቤቱስ? በክት አበላች ከተባለ ማን ዳግም ይገባል? አስቢበት እስቲ።»

አሰበችበት። ድመት ወሰዳቸው ማለት ቀላል ነው። ድመት ራሱን የሚከላከልበት አፍ የለውም። ልክ እንደ ጋሽ መሕሙድ።

«ቢልቂስ!» ጮኸች ሳፊያ ከውስጥ። «እናቴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደዋል፣ ደወሉ! ጅግራውን አምጡልኝ እንጂ! ደግሞስ በደንብ ታጥቧል? ያለፈው ጊዜ ደሙን በደንብ አጥቦት ነበር፤ እንደዚያ ይሁን።»

ቢልቂስ ወደ ኩሽናው በር ዞረች። ደሙን በደንብ አጥቦት ነበር? እናቷ፣ ይህን ሁሉ ዶሮ ያረደች ሴት፣ ያለ ደም የመጣ አንገት አይታ «ታጥቧል» ብላ ዝም አለች? ደግሞ ሳፊያ ከጅግራው አንድ ቀን ቀምሳ አታውቅም። «የዱር ነገር አይስማማኝም» ትላለች። አይስማማትም፣ ወይስ ታውቃለች?

አይ ያ ኢላሂ! የገዛ እናትን ከመጠርጠር የከፋ ምን አለ? ጥርጣሬ በመሕሙድ ግድግዳ ጀምሮ፣ አጥር ዘሎ፣ ጓሮ ገብቶ፣ አሁን ኩሽናው ደጃፍ ደርሷል።

ሰፍዋን እጇን ያዛት። «ቢሊ፣ በአላህ።»

እጇን ቀስ ብላ አወጣች። አንዷን ጅግራ ከነላባዋ አነሳች፤ ጥቂት የሮዝ ስንዴ ፍሬ በቅጠል ጠቅልላ ያዘችና ወደ ኩሽና ገባች።

ሳፊያ ጀርባዋን ሰጥታ ድስቱን ታማስላለች። «አስቀምጪው እዚያ…»

«እማዬ፣ እይው።»

«ምኑን?»

«አንገቷን።»

ሳፊያ ዞረች። ጅግራዋን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋቻት። ቁርጡን በአውራ ጣቷ ከፈተችው። ቢልቂስ የእናቷን ፊት ታየው ነበር፤ እንደዚያ አድርጋ ተመልክታት አታውቅም። ቅጠሉንም ገለጠችላት። ሳፊያ ስንዴውን አየች፤ ከበስተኋላ አንገቱን ደፍቶ የቆመውን ሰፍዋንንም አየች። ከዚያ ማማሰያው ከእጇ ወደቀ።

«አስታግፊሩላህ» አለች። ዱካው ላይ ተቀመጠች። «አስታግፊሩላህ፣ ስንቱን ሰው! ያንን ሹፌር እኮ ሳቅሁበት።»

«ታውቂ ነበር?» አለች ቢልቂስ። ጥያቄው ሳታስበው ወጣ።

ሳፊያ በቁጣ ቀና አለች። ልትመታትም መሰለች። ቁጣው ግን አልበረከተም።

«አላውቅም» አለች። ትንሽ ቆይታም፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አልጠየቅኩም። ደስ አላለኝም ነበር። ይህን ሁሉ ጅግራ ወጥመድ ይይዛል ወይ እያልኩ… አልጠየቅኩም። ዓይኔ እያየ አፌን ዘጋሁት።»

ሽንኩርቱ ማረር ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ሳፊያ እንደ ሁልጊዜዋ ሆነች፤ ማለትም ሁሉንም ሰው በአንድ ጊዜ ማዘዝ ጀመረች። ሰፍዋን ጓሮው ጥግ ጉድጓድ ቆፈረ፤ «ጥልቅ! ውሻ የማያወጣው!» እያለች በላዩ ቆማ አስቆፈረችው፤ እሱም እየቆፈረ የበተነውን ስንዴ፣ የሞቱትን አሞሮችና የአያቱን ጥያቄ ነገራት። ሳፋው፣ ቢላው፣ መክተፊያው፣ የሁሉም እጅ በሳሙና ታጠበ፤ ድጋሚ ታጠበ። ጅግራዎቹ ከነላባቸው፣ ከነውሃቸው ተቀበሩ፤ ድንጋይ ተጫነባቸው።

አፈሩ ሳይሞላ ጥላ ጓሮው ላይ አለፈ። ሌላ ጭልፊት፣ ጅራቱ ሙሉ፣ ዝቅ ብሎ እየዞረ ጉድጓዱን ያያል። ቢልቂስ ሻሿን ከራሷ ላይ አውጥታ ታውለበልብ ጀመር። «ሂድ! ሂድ ከዚህ! ሂድ አልኩህ!» ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ጮኸች። ወፉ ግራ ገባው መሰለኝ፤ እዚህ ግቢ ከዚህ በፊት እንዲህ የተቀበለው የለም። የመጨረሻው አካፋ አፈር እስኪገባ ሻሿን አላወረደችም።

«አንተ ከምሳ በኋላ ሐርቡ ትወርዳለህ» አለች ሳፊያ ሰፍዋንን።

ሰፍዋን አካፋውን አስቀመጠ። «ልታባርሪኝ ነው?»

«ማባረር አላልኩም። ለአያትህ በራስህ አፍ ትነግራቸዋለህ። አሞሮቹ የት እንደተሰደዱ ይወቁ። ከዚያ ያንን የበተንከውን ስንዴ አንድ በአንድ ለቅመህ፣ የሞተውን ሁሉ ቀብረህ ትመጣለህ። ጓንት አድርግ።» ከዚያ ዞራ ሁለቱንም አየች። «ነገሩ ግን ከዚህ ግቢ አይወጣም። ሰምታችኋል? እኔ እነዚያን ደንበኞች ፈልጌ በራሴ መንገድ እነግራቸዋለሁ። ሰፈር አይስማ። የድሃ ጉሮሮ ነው ይሄ ቤት።»

ሰፍዋን ራሱን ነቀነቀ። ቢልቂስም ነቀነቀች።

አያቷ መጡ። ምሳው ሽሮ ሆነ። «ለሽሮ ነው ከደሴ ያወረድሽኝ?» አሉ አያቷ፣ መሶቡን በአገጫቸው እየጠቆሙ። «ደሴ ሽሮ ጠፋ ተባለ?»

«ጅግራው ጥሩ አልነበረም እማዬ» አለች ሳፊያ።

ሙንዚር ጉበት ስላላገኘ አኩርፎ ጥግ ገባ። ኋላ ግን ረሃብ ሲያሸንፈው መጥቶ ሽሮውን ፊቱን እስኪቀባ በላ። ቢልቂስ እሱ ሲጎርስ እያየች ራሷ መጉረስ አቃታት።

በመስኮቱ በኩል መንገዱ ይታያል። ማዶ፣ ሥጋ ቤቱ ግድግዳ ፊት ለፊት፣ ጣሀ ባልዲ አስቀምጦ ቆሟል። በአሮጌ ጨርቅ የከሰሉን ጽሑፍ ይፈገፍጋል። ከሰል ደግሞ ክፉ ነው፤ በተፈገፈገ ቁጥር እየሰፋ፣ «አሞራ ገዳይ» የሚለው ግራጫ ደመና ሆኖ ግድግዳውን አለበሰው። ሁለት ትንንሽ ልጆች ሲያልፉ ክንፍ አራገቡበት። ጣሀ አልዞረም።

ቢልቂስ ስልኳን አወጣች። ቪዲዮው ግሩፑ ውስጥ እስካሁን አለ። ድምፁን ሳትከፍት አየችው፤ ድምፁን በቃሏ ታውቀዋለችና። እኔ ራሴ ሰምቻለሁ።

ስልኩን አስቀምጣ ተነሳች። ከኩሽና የኦሞ ሳሙናና ብሩሽ ወሰደች። ሳፊያ ደጃፉ ላይ ሰሃን እየሰበሰበች ነበር።

«ወዴት ነው?»

ቢልቂስ ቀና ብላ አየቻት። «ማዶ» አለች።

ሳፊያ ብሩሹን አየች፤ በልጇ ትከሻ ላይ አሻግራ ግድግዳውን አየች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ቢልቂስ ጠበቀች። ከዚያ ወረደች።

መንገዱ ጠባብ ነው፤ ባጃጅ ሲመጣ ሰው የሚሸሽበት። ዛሬ ግን አላልቅ አላት። ጣሀ ስትመጣ አይቶ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለ።

«ደግሞ ምን ልትቀርጹ ነው?» አለ።

«ምንም።» ኦሞውን ውሃው ላይ በተነች። «በውሃ ብቻ አይለቅም።»

«ተይው፤ እኔ እችላለሁ።»

ቢልቂስ ብሩሹን ነክራ ከጽሑፉ መጨረሻ ጀመረች። አረፋው በክንዷ ላይ ጠቁሮ ወረደ። ጣሀ ትንሽ ቆሞ አያትና፣ ሳይወድ ጨርቁን አንስቶ ከዚያኛው ጫፍ ቀጠለ።

«አባትህ ውስጥ አሉ?» አለች ሳትዞር።

«ምን ልትዪው?»

«ባለፈው የሰማሁትን ነበር ያወራሁት» አለች። «ዛሬ ያየሁትን ልነግራቸው ነው።»

የጣሀ እጅ ቆመ። ከውስጥ የጋሽ መሕሙድ ቢላ አጥንት ሲመታ ይሰማል፤ ከዚያ ዝም አለ። ቢልቂስ ወደ ኋላዋ ሰርቃ ተመለከተች። እናቷ አሁንም ደጃፉ ላይ ናት፤ ሰሃኑን እንደያዘች፣ ልትጠራት አፏን እንደከፈተች። አልጠራቻትም። በሩንም አልዘጋችውም።

ቢልቂስ እጇን በቀሚሷ አደረቀችና ወደ ሥጋ ቤቱ ገባች።